የመሪጌታ ወልደ አማኑኤል ጉሮሮ

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ነበር። የሁዳዴው ቅዳሴ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ አብቅቶ ሕዝቡ በቅጽሩ ጥግ ጥግ ተቀምጦ ጸበል ጻዲቁን ሲቀማመስ፣ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል የድርሻቸውን ቁራሽ ዳቦ ከሱፍ በተሠራው ባናቸው ሥር ሸሽገው ሹልክ ብለው ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው የድንጋይ ካብ ጀርባ፣ ዓይን በማያገኛቸው ስፍራ ተቀመጡ። መሪጌታ ስስታም አልነበሩም። በሰው ፊት መብላት ከፈሩ ግን ሰባት ወር ሞልቷቸው ነበር።

ከቀየት እስከ ራቤል ባሉት አድባራት ማሕሌት የሚቆም ሰው፣ ከእሳቸው ከራሳቸው ወይም ከእሳቸው ተማሪ ያልተማረ ጥቂት ነው። ሃምሳ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ሐምሌ ላይ ስትሮክ መትቷቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሱላቸው፤ አንደበታቸውም ተፈታ። መዋጥ ብቻ እንደ ተሰናከለባቸው ቀረ። ይህንንም ከሚስታቸው ከወይዘሮ ጌታነሽ በቀር ለማንም ሳይናገሩ፣ ግብዣ ሲጠሩ ጾም ላይ ነኝ፣ ሱባኤ ላይ ነኝ እያሉ ኖሩ። ትልቅ ሰው ሕመሙን እንደ ነውር ሲሸፍን ከሕመሙ የሚብሰው ሽፋኑ ነው፤ ሽፋኑን አውልቆ ወደ ሐኪም ለመሄድ ግን ከብዙ ጀግንነት የሚበልጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ዳቦውን ቆርሰው አላመጡ። ከዚያም ጉሮሮ ይከፈት ዘንድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለተማሪዎቻቸው እንዳሳዩት፣ አገጫቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ዋጡ። ወዲያው ትን አላቸው። ሳሉ፤ ደጋግመው ሳሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ፊታቸው ጠቆረ።

በዚያው ሰዓት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ጽናት ከላይ መንደር አራስ ጠይቃ በቁልቁለቱ ትወርድ ነበር። ሳሉን ሰምታ ካቡን ዞረች፤ ሳትጠይቅም ትከሻቸውን ይዛ ወደ ፊት ጎንበስ አደረገቻቸው።

«ይሳሉ፣ የኔታ። ሳሉን አይያዙት፤ እሱ ነው የሚያወጣልዎ።»

ትንፋሻቸው ሲመለስ መሪጌታ አፋቸውን በባናቸው ጫፍ ጠረጉና ቆጣ ብለው አዩአት።

«ጉንፋን ነው» አሉ።

«ዳቦ ሲቀመስ ብቻ የሚመጣ ጉንፋን ነው?»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የትዕዛዙ።»

«ዜማ ጀምሮ ለበግ ንግድ ጥሎኝ የሄደው ትዕዛዙ?»

«እሱው ነው። ዛሬም በጎቹን ሲነዳ ዜማ ይላል። በጎቹ ግን እስካሁን አልተቀበሉትም።»

መሪጌታ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ጽናትም ያን ፈገግታ እንደ ተከፈተ በር ቆጥራ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ ሰውነትዎ ቀንሷል። ባናው ራሱ ሰፍቶብዎታል። ይህ ነገር ስትሮኩ ከመታዎ ጀምሮ ነው?»

ሽማግሌው የተረፈውን ዳቦ በባናቸው ጠቀለሉ። ከዚያ ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልነገሩትን ነገር ለትዕዛዙ ልጅ ነገሯት።

«ከዲቁናዬ ጀምሮ ጸሎተ ሐሙስ ሳልቆርብ ያለፈኝ ዓመት የለም። ከሐምሌ ወዲህ ግን ወደ መንበሩ አልቀረብኩም። ሥጋውን ደሙን ተቀብዬ ቢያስለኝስ? ከአፌ ቢወጣስ? እንዲህ ካለው ነገር ሞት ይሻለኛል። ዘንድሮም ጸሎተ ሐሙስ ሲመጣ ከውጭ ቆሜ ሌላውን ሳይ ልውል ነው። በድምፄ ስመካ ስለኖርኩ እግዚአብሔር ጉሮሮዬን ዘጋው፤ ይኸው ነው።»

«መመካቱን ለንስሐ አባትዎ ይተዉት፤ እሱ የእኔ ትምህርት አይደለም። የእኔ ትምህርት ግን አንድ ነገር ይነግረኛል። እጅዎን የያዘው ሕመም ነው ጉሮሮዎንም የያዘው። እጅዎ በምን ተመለሰ?»

«ጌታነሽ ጠዋት ማታ እያሸችኝ። እኔም ድንጋይ እያነሣሁ፣ እየጣልኩ፣ ደግሜ እያነሣሁ።»

«ጉሮሮዎንስ ምን አሠሩት?»

«ምን ላሠራው? ዝም አልኩት።»

«እጅዎን ዝም ቢሉት ኖሮ ዛሬ መቋሚያ ይይዝ ነበር?»

በቀድሞ ተማሪ ልጅ መፈተን ለመሪጌታ ከበዳቸው። ስለዚህ ወደ ዘለፋ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ስለ ጉሮሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን አንቺ ስለ ጉሮሮ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አባቴ ትምህርቱን ጥሎ ስለ ሄደ ዕዳው በእኔ ላይ ወድቆ ይሆናል» አለች ጽናት ሳትቀየም። «እስቲ የኔታ፣ ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ ያድርጉ። ከታች ጀምረው ድምፅዎን እስከ ቻሉት ድረስ ወደ ላይ ይውሰዱት፤ አራራይ ዜማ ሲሉ እንደሚያወጡት።»

መሪጌታ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሰው አልነበረም። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ድምፃቸውን ከደረት አንሥተው ቀስ እያሉ አወጡት። ደከም ያለ ቢሆንም መንገዱን አልሳተም። ከጣታቸው ሥር ማንቁርታቸው ከፍ፣ ከፍ ሲል ተሰማቸው።

«አሁን ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ፤ ጣትዎን ሳያነሡ።»

ዋጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ለዜማ የወጣውን ያህል ለመዋጥ አልወጣም» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን ነው ደብረ ብርሃን አንድ ወር ተቀምጬ የተማርኩት። እርስዎ በአንድ ጣት አገኙት። ጉሮሮ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የእህል፣ አንዱ የትንፋሽ። ስንውጥ ማንቁርት ከፍ ይልና የትንፋሹ መንገድ ይከደናል። የእርስዎ ማንቁርት ሰንፎ ዘግይቶ ይነሣል፤ እህሉ ደግሞ አይጠብቀውም። በዚያ ላይ አገጭዎን ሲያነሡ የትንፋሹን በር ይበልጥ ይከፍቱለታል።»

«አገጭ ማንሣት ለድምፅ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ለእህል ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። አዋቂ ሰው በብዙ የሚሳሳተው በማያውቀው ነገር አይደለም፤ በሚያውቀው ነገር፣ ያለ ቦታው ሲያውለው ነው። መሪጌታ ወልደ አማኑኤልም የተሳሳቱት በጥበባቸው ነበር። ሊድኑ የቻሉትም በዚያው በጥበባቸው ነው።

አብረው ወደ ቤት ወረዱ። ከደጃፉ የእድሩ ዳኛ አቶ ወዳጆ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ወዳጆ ቅን ጎረቤት ናቸው፤ ቅንነታቸው ግን ሁልጊዜ ከዕውቀታቸው ቀድሞ ይነሣል።

«መሪጌታ፣ ጌታነሽ ሚስጥሩን ነገረችኝ፤ እኔም ነገሩን ጨርሼዋለሁ» አሉ። «እንጥልዎ ወርዶ ነው የሚያስልዎ። ቅዳሜ ቆራጩ ለገበያ ይመጣል። አንድ ጊዜ ቁርጥ ነው፤ ከዚያ ገንፎውን እንደ ጎረምሳ ነው የሚውጡት።»

ጽናት ሰላምታዋን ካደረሰች በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀች። «ጋሽ ወዳጆ፣ የበረትዎ መዝጊያ ላልቶ በጎቹ ገብስ ውስጥ ቢገቡብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«መዝጊያውን አጠብቃለኋ።»

«የበጉን ጆሮ አይቆርጡም?»

«ጆሮ ቆርጬ ምን ሊረባኝ?»

«እንጥል መቁረጥም እንዲያው ነው። የላላው መዝጊያው ነው። በየቤቱ የሚዞር ምላጭ ደም ያፈስሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፤ የኔታን ደግሞ ድምፃቸውንም ሊወስድባቸው ይችላል።»

«አባቶቻችን ሲያስቆርጡ ኖረው የለም?» አሉ ወዳጆ።

«ኖረዋል» አሉ መሪጌታ በመካከል ገብተው። «የሞቱትን ግን አልቆጠርናቸውም። አንተ ወዳጆ፣ ሰውየው ቅዳሜ ሲመጣ ሰላም በልልኝና ቡናውን አጠጥተህ ሸኘው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ከውስጥ በጽዋ አጥሚት ይዘው ወጡ። ጽናት ጽዋውን ተቀብላ ዘንበል አድርጋ አየችው። እንደ ውኃ ፈሰሰ።

«ከሐምሌ ጀምሮ እንዳይከብዳቸው እያቀጠንኩት ነው» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «አልጋ ላይ በጀርባ አጋድሜ በማንኪያ አጠጣቸዋለሁ።»

«እማማ፣ የቀጠነ ነገር ይሮጣል። ለሰነፈ ጉሮሮ ወፈር ያለ ነው የሚመቸው፤ ከማንኪያ ላይ እንደ ማር እየተጎተተ የሚወርድ። የገብስ ዱቄቱን ጨምረው ያብስሉት። ውኃም ሲጠማቸው፣ ተልባ ተፈጭቶ በውኃ ተበጥብጦ ከተጣራ በኋላ ቢሰጧቸው ይያዝላቸዋል። በጀርባ ግን አይተኙ፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ ይቆዩ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ጽዋውን እንደያዙ ፊታቸው ወደቀ። «እንግዲያ ሰባት ወር ሙሉ ስገድላቸው የኖርኩት እኔ ነኛ።»

ጽናት አፏን ከመክፈቷ በፊት መሪጌታ ተናገሩ። «አንቺ ባትኖሪ ሐምሌ ላይ ነበር የምቀበረው። አገጬን አንሺልኝ ብዬ ሳዝሽ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እስቲ ወፈር አድርጊና አምጪልኝ።»

በማግስቱ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጽናት ያዘጋጀችው ክፍል ትንሽ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስታወትና ማንኪያ። የሚያስገርም መሣሪያ የጠበቀ ሰው ይታዘበዋል፤ መሪጌታም ታዘቡ።

«ሕክምናው ይኸው ነው?»

«ሕክምናው እርስዎ ነዎት። እኔ የምሰጥዎ የቤት ሥራ ነው።»

አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ሰጠቻቸው፤ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው እንዲውጡ ነገረቻቸው። ከዋጡም በኋላ «አ» ይበሉ አለቻቸው። አሉ።

«ምን ሰሙ?»

መሪጌታ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። «ድምፄ ረጥቧል። ውኃ ያዘለ ነው።»

«ያ ማለት ጥቂቱ ገና በሩ ላይ አለ ማለት ነው። ደግመው ዋጥ ያድርጉ፤ ከዚያ ጉሮሮዎን ጠራርገው ደግመው ‹አ› ይበሉ።»

«አሁን ጠራ።»

ጽናት ሣቀች። «የኔታ፣ ሌላ በሽተኛ ይህን ለመለየት ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። የእርስዎን ያህል ጆሮ ያለው ሰው ወደዚህ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ጉርሻ በጆሮዎ ይፈትኑታል።»

ከዚያ የቤት ሥራውን ቆጠረችላቸው፦ በቀን ሦስት ጊዜ ድምፅን ከታች ወደ ላይ ማውጣት፤ ምላስን ከላንቃ ጋር አጥብቆ መግፋት፤ ከባድ ነገር እንደሚውጡ አድርጎ በኃይል መዋጥ፤ ከምግብ በፊትና በኋላ አፍን በመፋቂያ ማጽዳት፤ አፉ ያልጸዳ ሰው ትን ባለው ቁጥር ቆሻሻው ሳንባው ይገባልና። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ፣ ወደ ሆስፒታልም እንደምትልካቸው አስጠነቀቀቻቸው። «አገጭ ዝቅ ማድረጉም ለሁሉ ሰው አይሆንም፤ ለእርስዎ እንደሚሆን ስላየሁ ነው» አለች። ከዚህም ጋር ከጠዋት ጀምረው ጥቂት ጥቂት እየበሉ እንዲውሉ አዘዘች።

እዚህ ላይ መሪጌታ እምቢ አሉ። ሁዳዴን ከልጅነታቸው ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጾሙ አልዋሉም። ክርክሩ በንስሐ አባታቸው በቄስ ቴዎፍሎስ ፊት ቀረበ። ቄሱ ወጣት ናቸው፤ ዜማም ከመሪጌታ ነው የተማሩት፤ ስለዚህ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ተናገሩ።

«የኔታ፣ ሕመምተኛን ቀኖናው እንደማያስገድደው እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጾሙን የሚይዙት ጾሙን ወደው ነው ወይስ ማዕዱን ፈርተው?»

መሪጌታ «ማዕዱን ፈርቼ ነው» አሉ። ይህን ቃል ያለ ምስክር ቢናገሩት እንኳ ትልቅ ነገር ነበር። በተማሪያቸው ፊት መናገራቸው ግን ዕድሜ ልክ ከቆሙት ማሕሌት ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

መሪጌታም እንደ ታዘዙት ከጠዋት ጀምረው ጥቂት ጥቂት እየበሉ ሳምንታቱ ተከተሉ። ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ከመሪጌታ ቤት ቃል የሌለው ዜማ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ይሰማ ጀመር። አንዳንዱ «መሪጌታ አዲስ ስልት ፈጠሩ» አለ። ወፈር ያለው አጥሚት ተወደደ፤ ሽሮውም ወፈርና ለስለስ ብሎ ተሠርቶ፣ እንጀራው በውስጡ ርሶ፣ በትንሽ ትንሹ መውረድ ጀመረ። በአራተኛው ሳምንት ግን አንድ ዘመዳቸው በተዝካር ላይ እንደ ጭብጥ ያለ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋላቸው። አልበላም ማለት አፈሩ። ጎረሱ፤ ትን አላቸው፤ በሰው ሁሉ ፊት ተዋረዱ። ጽናት ደረታቸውን አዳምጣ፣ ትኩሳታቸውን ለክታ፣ ሦስት ቀን እየተመላለሰች ጠየቀቻቸው። ጉዳት አልተገኘም።

«ጉርሻውን የሰጠዎትን ሰው አልቆጣም» አለቻቸው። «እሱ አያውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?»

«በእጅዎ ይቀበሉትና ምርቃት ይጨምሩበት። ከዚያ ቆራርሰው በራስዎ ጊዜ ይብሉት።»

መሪጌታ ይህን ምክር በመጀመሪያ በተማሪዎቻቸው መካከል ሞከሩት፤ ማንም አልተቀየመም። ስንት ዓመት ያሰርነው ልማድ፣ አንድ ሰው ቆፍጠን ብሎ ሲፈታው እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ መሆኑ ያሳዝናልም ያስደስታልም።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። እግር ማጠቡ አልቆ ቅዳሴው ገባ። መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ነጭ ለብሰው ከቆራቢዎቹ ተርታ ቆሙ። አርባ አምስት ቀን የደከሙበት ሥራ የሚፈተነው በአንዲት ደቂቃ ነበር። ቄስ ቴዎፍሎስ ሥጋውን በጣም አሳንሰው አቀበሏቸው፤ ዲያቆኑም ደሙን በማንኪያው በዕርፈ መስቀሉ ሰጣቸው። መሪጌታ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉ። በኃይል ዋጡ። ቆሙና ደግመው ዋጡ። ጸበሉን ጥቂት ቀመሱ፤ አሁንም ሁለት ጊዜ ዋጡ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ጥግ ሄዱና ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ አንዲት «አ» አሉ።

ጠርታ ወጣች።

አላለቀሱም። ከሴቶቹ ወገን ይመለከቷቸው የነበሩት ወይዘሮ ጌታነሽ ግን የባላቸውን ትከሻ ቀና ማለት አይተው እሳቸው አለቀሱ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ፣ እድሩ በቅጽሩ ውስጥ ሲሰበሰብ መሪጌታ ለመናገር ተነሡ። ሕዝቡ ተግሣጽ የሚሰማ መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ሰባት ወር ዋሽቻችኋለሁ» ብለው ጀመሩ። «ሱባኤ ላይ ነኝ ስላችሁ መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ካብ ጀርባ ተደብቄ ዳቦ ስበላ ያገኘችኝ የትዕዛዙ ልጅ ናት። ዕድሜ ልኬን ስለ ጉሮሮ ሳስተምር የማላውቀውን ነገር እዚሁ አጠገባችን ባለው ጤና ጣቢያ አስተማረችኝ። አዲስ አበባ አልሄድኩም፤ በሬ አልሸጥኩም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ስትሮክ የመታውን ሰው፣ በዕድሜ የደከመውንም ሰው፣ ሲበላና ሲጠጣ ቢያስለው እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት። አጋድማችሁ አታጠጡት፤ አስቀምጡት። አቅጥናችሁ አትስጡት። አፉን አጽዱለት። እንጥሉን አታስቆርጡት። ወደ ጽናት ውሰዱት፤ ለእሱ የሚሆነውን እሷ ትለይለታለች። እኔ ዛሬ አራት ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ በሰው ፊት እበላለሁ፤ ጸሎተ ሐሙስም አላመለጠኝም።»

«መሪጌታ» አለ ከወደ ኋላ አንድ ጎልማሳ፣ «ጉርሻ ካስቀሩብን ፍቅራችንን በምን እንግለጽልዎ?»

«አጠገቤ ተቀመጥ። ቀስ ብዬ ስበላ ቶሎ አትነሣብኝ፤ ይበቃኛል።»

ሰው ሣቀ። ስብሰባው ሲበተን አቶ ወዳጆ ወደ ኋላ ቀርተው መሪጌታን በክንዳቸው ያዙ። ፊታቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ታላቅ ወንድሜ በኃይሉን ያውቁታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከመስከረም ጀምሮ ትን እያለው ጓዳ ነው የሚበላው። እንግዳ ሲመጣ በሩን እንዘጋበታለን። እኔ እሱን ደብቄ ነው እርስዎን ላስቆርጥ የመጣሁት። ያቺ ልጅ ትቀበለው ይሆን?»

«ነገ ጠዋት አምጣው። እኔም እመጣለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ ምን ሊሠሩ?»

መሪጌታ ወልደ አማኑኤል መቋሚያቸውን አስተካክለው ያዙ።

«እሱ ሲውጥ ድምፁን ላዳምጥለት ነዋ» አሉ። «ጽናት ብቻዋን ናት፤ በሽተኛው ብዙ ነው። ረጥቦ የወጣን ድምፅ ከጠራው ለመለየት በዚህ አገር ከእኔ የሚቀድም ጆሮ የለም።»